ለ«ጭቃና ቆርቆሮ» ጸሐፊ፦ ስለ ደብረ ማርቆስ የሱቅ ግቢዎች

ሰሞኑን በየሰዉ ስልክ ሲዞር የሰነበተው ጽሑፍ ለእኔ በአንድ ቀን አራት ጊዜ ደረሰኝ። ከሦስቱ ጋር «አንብበው፣ እውነቱን ነው» የሚል ቃል አብሮ መጥቷል። አራተኛውን የላከችው እህቴ ናት። እሷ ምንም አልጻፈችም፤ የአጎታችንን የስፌት መኪና ፎቶ ብቻ ከሥሩ አስከትላለች። ይህን ምላሽ ያስጻፈኝ ያ ፎቶ ነው።

ላላነበባችሁት፣ ነገሩ ስለ ደብረ ማርቆስ አሮጌ የሱቅ ግቢዎች ነው። ከመንገድ በኩል ሦስት ወይም አራት የሱቅ በሮች ይታያሉ። በመካከላቸው ጆንያ የተሸከመ ሰው በጎኑ ካልሆነ የማያልፍበት መግቢያ አለ፤ ከመግቢያው ወዲያ ግቢው ነው። ዙሪያውን ልብስ ሰፊ፣ ሰዓት ጠጋኝ፣ ጫማ ሰፊ፣ ጠላ ቤት፤ ለሁሉም አንድ ቧንቧና አንድ ሽንት ቤት። ማርቆስ ብቻም አይደለም፤ ቡሬ ብትሄዱ፣ ፍኖተ ሰላም ብትሄዱ፣ ዳንግላና ሞጣ ብትሄዱ ያው ነው።

ጸሐፊው ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጠው። አንደኛ፣ ግቢዎቹ ታሪክ የላቸውም፤ «ጭቃና ቆርቆሮ» ናቸው። የማርቆስ ታሪክ ቤተ መንግሥቱና ቤተ ክርስቲያኑ ነው፤ ሱቆቹን ያመጣቸው ደርግ ነው። ሁለተኛ፣ የጎጃም ሰው አራሽ እንጂ ነጋዴ ሆኖ አያውቅም፤ የግቢዎቹም ንግድ ከውጭ መጥቶ የተለጠፈ ነው። ሦስተኛ፣ ባለሱቆቹን ያቆማቸው ሥራቸው ሳይሆን የቀበሌ ርካሽ ኪራይ ነው። አራተኛ፣ ግቢዎቹ ፈርሰው ፎቅ ቢሠራ እነዚያው ሰዎች በንጹሕ ቤት ይሠራሉ፤ ከተማው ያምራል፣ ማንም አይጎዳም። በመጨረሻም፣ ለግቢዎቹ የሚያለቅስላቸው ማርቆስን ጥሎ የሄደ ሰው ነው ብለው ይዘጋሉ።

ጽሑፉ ጥሩ እጅ ያለው ሰው የጻፈው ነው። የሽንት ቤቱ አንቀጽማ እውነትም ያሳፍራል፤ እሱ ላይ ክርክር የለኝም።

ከታሪኩ ልጀምር። ቀድሞ መንቆረር ይባል የነበረውን ከተማ ደጃዝማች ተድላ ጓሉ በ1840ዎቹ ቆረቆሩት። በኋላ ራስ አዳል በ1873 ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው በነገሡበት ዘመን አካባቢ የማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ተሠራ፤ ከተማውም በታቦቱ ስም ተጠራ። እስከዚህ ድረስ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ግን ንጉሥ የተቀመጠበት ከተማ ጭፍራ አለው፣ ካህናት አሉት፣ ፍርድ ፈልጎ ከየአገሩ መጥቶ ሳምንት የሚጉላላ ባለጉዳይ አለው። ለዚህ ሁሉ ሰው ጨዉ፣ በርበሬው፣ ጧፉ፣ ኩታው ከየት ይመጣ ነበር? ንጉሡ ሰፍረው አይሰጡ። ቤተ መንግሥቱ ታሪክ ከሆነ ቤተ መንግሥቱን ያበላው ሰውም ታሪክ ነው፤ አንዱን ቆጥሮ ሌላውን መዝለል የምርጫ ጉዳይ ነው።

«ደርግ ያመጣቸው» ለሚለው ደግሞ መልሱ እዚያው ጽሑፍ ውስጥ አለ። ጸሐፊው አዋጅ ቁጥር 47/1967ን በማስረጃነት ጠቅሰዋል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 የታወጀው ያ አዋጅ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ትርፍ ቤት የሚወረሰው ግን አስቀድሞ ሲኖር ነው! የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች በኋላ ቀበሌ ለተባለው ተሰጡ፤ ከዚያ በላይ የሆኑት ኪራይ ቤቶች ለሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት። በኪራያቸው መጠን ተለይተው ተከፋፈሉ ማለት አስቀድሞ ኪራይ ነበራቸው ማለት ነው። ኪራይ ካለ ተከራይ አለ፤ ተከራይ ካለ ሱቅ አለ። ደርግ ሱቁን ቆልፎ ቁልፉን ለሌላ አስረከበ ቢሉኝ እስማማለሁ። ሠራው ካሉኝ ግን ያው የጠቀሱት አዋጅ አይስማማም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልስጥ። መቶ ዓመት የሞላው ግድግዳ አሳይ ብባል አላሳይም። ጭቃ ቤት እንዲህ ነው፤ ክረምት ያጥበዋል፣ ጥቅምት ይመረጋል፣ ማገሩ ሲበሰብስ ይቀየራል። ዛሬ የምናየው ምርግ የዛሬ ሦስት ዓመት የተለጠፈ ሊሆን ይችላል። ያረጀው ግድግዳው ሳይሆን አደረጃጀቱ ነው፤ ማን ፊት እንደሚቀመጥ፣ ማን በረንዳ ላይ፣ ማን ከኋላ። ወደዚህ እመለሳለሁ፤ ዋናው ነገሬ እሱ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ይበልጥ ከንክኖኛል። «ጎጃሜ ነጋዴ ሆኖ አያውቅም» አሉ። ከማርቆስ ወደ ደቡብ ወርደው የጁቤ ይግቡ። የወረዳው ስም ባሶ ሊበን ነው። ባሶ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከጎጃም ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። ከአባይ ማዶ ከእናርያ አገር የተነሣ ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ በጉድሩ በኩል አባይን ተሻግሮ እዚያ ይደርሳል፤ ከሰሜን የመጣው አሞሌ ጨው እዚያ ይጠብቀዋል። ከባሶ ተነሥቶ ጎንደር፣ ከጎንደር ምጽዋ። ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥበት ነበር፤ የገበያው ታሪክ ሁሉ የሚያኮራ ነው አላልኩም። የለም የሚለውን ግን ማንም ሊለው አይችልም።

«እነዚያ ዕቃ ጭነው ከአገር አገር የሚዞሩት ሲራራ ነጋዴዎች እኮ ሙስሊሞች ናቸው» የሚል አንባቢ ይኖራል። አብዛኞቹ፣ አዎ። ምክንያቱም የሚታወቅ ነው፤ በድሮው ሥርዓት ሙስሊሙ ርስት እንዳይዝ ይከለከል ነበርና የቀረለት ንግድና ሽመና ነበር። ታዲያ ርስት ስላልነበረው ጎጃሜ አይደለም ልንል ነው? የጁቤ ተወልዶ፣ የጁቤ ነግዶ፣ የጁቤ የተቀበረ ሰው ከየት መጣ ይባላል? «ጎጃሜ ነጋዴ አይደለም» የሚለው አባባል እውነት የሚመስለው ነጋዴውን ከጎጃሜነት አስቀድመን ስናወጣው ነው።

ይህን የማነሣው ቃል ለመሰንጠቅ አይደለም። በታኅሣሥ 2012 ሞጣ ውስጥ መስጊዶች ሲቃጠሉ የሙስሊሞች ሱቆችም አብረው ተቃጥለዋል። ጸሐፊው ያን አስበው ጻፉ አልልም፤ እንዳላሰቡት አምናለሁ። ግን በጎጃም ከተማ ውስጥ «ከውጭ የተለጠፈ ንግድ» የሚል ቃል በብዙ ሺህ ስልክ ላይ ሲዞር ማን ምን ብሎ እንደሚያነበው ማሰብ የጸሐፊ ሥራ ነው።

ሦስተኛው የኪራይ ነገር ነው። እዚህ ላይ ግማሹን እቀበላለሁ። የቀበሌ ሱቅ በሳንቲም ይዞ ለሌላ በሺህ የሚያከራይ ሰው አውቃለሁ፤ እናንተም ታውቃላችሁ። ከሱቁ ጀርባ የተቀመጠው ጠጋኝ የሚከፍለው ለቀበሌ አይደለም፤ ከፊት ላለው የውል ባለቤት ነው፤ በርካሽም አይደለም። ይህ ግፍ ነው። ግን የኪራይ ማነስ መድኃኒቱ ምንድን ነው? ኪራዩን የሚተምነው ባለቤቱ ነው፤ ባለቤቱ መንግሥት ነው። ይጨምራ! ውሉንም በእውነት ከሚሠራበት ሰው ጋር ያድርግ። ርካሽ ነው ብሎ ቤቱን ማፍረስ ላሟ ትንሽ ታልባለች ብሎ በረቱን እንደማቃጠል ነው።

«ግብር አይከፍሉም» የምትል ጣል የተደረገች ዐረፍተ ነገርም አለች። የግቢው ሰው አብዛኛው በ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ደረጃ «ሐ» የሚባለው ነበር፤ ዓመታዊ ሽያጩ ከ500,000 ብር በታች የሆነ፣ በቁርጥ የሚከፍል። ሐምሌ በገባ ቁጥር በዝናብ ተሰልፎ የሚታየው እሱ ነው። ቁርጡ በዛብኝ ብሎ ያጉረመርማል፣ ያም ሆኖ ይከፍላል። (ግብር ሲበዛበት አልከፍልም ብሎ የተነሣውን ጎጃሜ የሚፈልግ የ1960ውን የእርሻ ገቢ ግብር ዐመፅ ይመልከት፤ እሱ ግን ጸሐፊው የሚያወድሱት አራሽ ነው።)

አራተኛው «ማንም አይጎዳም» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ወደ ስፌት መኪናው ልመለስ።

አጎቴ በ1970ዎቹ መጨረሻ ከሉማሜ በኩል ማርቆስ ሲገባ ከጋቢው በቀር የያዘው የለም። ሥራ ያገኘው ከአንድ የሱቅ ግቢ በረንዳ ላይ፣ አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ነው፤ ሥራው ካውያ። ከሰል ያቀጣጥላል፤ ካውያውን ጠባቡ መግቢያ ላይ ይዞ ይቆምና ነፋሱ ውስጥ ያወዛውዘዋል፤ ፍሙ ሲቀላ ይመለሳል። ውሃ በአፉ ይዞ ጨርቁ ላይ ፍፍ ይላል፤ ከዚያ ይተኩሳል። አንድ የፋሲካ ዋዜማ ከካውያው ፍንጣሪ ዘለለና የአንድ ገበሬን አዲስ ካኪ ሱሪ ጉልበቱ ላይ በሳው። ሰውየው በማግስቱ ጠዋት ሊወስደው ነው። ልብስ ሰፊው ሱሪውን አገላብጦ አየና ምንም ሳይናገር ተነሥቶ ፊት ወዳለው የብትን ጨርቅ ሱቅ ሄደ። ባለሱቁ ሊዘጋ ነበር። ያንኑ ካኪ በሜትር ቆርጦ ሰጠው፤ ዱቤ መዝገቡ ላይም ጻፈ። ሌሊቱን በኩራዝ ተሰፋ። ገበሬው ሱሪውን ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ሄደ፤ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አያውቅም። የተበሳው ደግሞ ከጉልበቱ በላይ ተቆርጦ ቁምጣ ሆነ፤ አጎቴ ሦስት ዓመት ለበሰው። የጨርቁ ዋጋ እስከ ሰኔ ድረስ ከደሞዙ ተቆርጧል፤ ይህን ሲያወራ አሁንም ትንሽ ይቆጨዋል።

ያን ሌሊት የሠራው ማነው? ልብስ ሰፊው ብቻውን አይደለም። ፊት ያለው ብትን ጨርቅ ሻጭ በረንዳውን ለልብስ ሰፊው በነጻ የሰጠው አዝኖለት አልነበረም፤ ሊያሰፋ የመጣ ሁሉ ጨርቅ ከእሱ ስለሚገዛ ነው። ልብስ ሰፊው ኪራይ የሚከፍለው በደንበኛ ነው። ካውያ ያዡ ልጅ ሙያ የሚማረው በካውያ ነው። ግቢው ሳምንታዊ ዕቁብ ነበረው፤ ለአጎቴ ዕጣ ሲወጣለት አሮጌ ሲንገር ገዛና በረንዳው ሌላኛ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ከብዙ ዓመት በኋላ ከግቢው ውስጥ አንዲት ክፍል ተለቀቀችለት። ካውያውን የያዘለት ልጅ ዛሬ ፍኖተ ሰላም ላይ የራሱ ሱቅ አለው። ከካውያ ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳ ወደ ክፍል፣ ከክፍል ወደ መንገድ ዳር በር፤ ገንዘብ የሌለው ሰው ወደ ንግድ የሚወጣበት ደረጃ ይህ ነው። ያረጀው አደረጃጀት ያልኳችሁ እሱ ነው።

አሁን ይህን ሰው ፎቅ ላይ አስቀምጡት። መጀመሪያ የስድስት ወር ወይም የዓመት ኪራይ በቅድሚያ ይጠየቃል። ምድር ቤቱን ባንክ ይዞታል፤ በየከተማችን የምታዩት ነው። አንደኛ ፎቅ ሞባይልና ልብስ ነው። ለእሱ የምትቀረው ሦስተኛው ናት፤ መስታወቷ ላይ «የሚከራይ» የሚል ወረቀት ተለጥፎባት ፀሐይ ያጠወለገው። በገበያ ቀን ጤፉን ሸጦ ቁምጣና እጀ ጠባብ ሊያሰፋ የመጣ ገበሬ ዱላውን በር ላይ ለጥበቃ አስረክቦ፣ ዶሮውን አንጠልጥሎ ሦስተኛ ፎቅ ይወጣል? ሦስት ሰዓት ተለክቶ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልብሱን ይዞ ወደ አገሩ መመለስ የሚፈልግ ሰው ነው። በረንዳ ላይ ካላየው ልብስ ሰፊው የለም። ጨርቅ ሻጩ ደግሞ ፎቁ ውስጥ ከገባ በአጠገቡ የሚያስቀምጠው ሰው የለውም፤ ኮሪደር ላይ የስፌት መኪና ዘርግቶ የተቀመጠን ጥበቃው ያስነሣዋል። የከሰል ካውያማ አይታሰብም።

ፎቅ አይሠራ እያልኩ አይደለም። ከተማው አድጓል፤ ዩኒቨርሲቲ መጥቷል፤ ቦታው ውድ ነው። ጸሐፊው በምሳሌነት ያነሡት የአዲስ አበባ ኮሪደር ልማት መብራቱም የእግረኛ መንገዱም ያምራል፤ አይቼዋለሁ። የምለው «እነዚያው ሰዎች» የሚለው ቃል ሐሰት ነው ነው። ቦታ ሲለቀቅ በዝርዝር የሚገባው በስሙ ውል ያለው ነው። ግቢው ውስጥ ከሚሠሩት አብዛኞቹ በማንም መዝገብ ላይ የሉም። መዝገብ ላይ የሌለ ሰው ደግሞ ሲፈናቀል አይቆጠርም፤ «ማንም አልተጎዳም» የሚባለውም በዚህ ነው።

ስለ ዘመናዊ አከፋፈል የጻፉትም አለ፤ አዲሱ የገበያ ማዕከል በስልክ ይከፈልበታል፣ ግቢው ግን በዱቤ ደብተር ይኖራል ብለው ሳቅ ብለዋል። በነሐሴ 2015 በክልላችን ኢንተርኔት ተዘግቶ ለወራት ሲቆይ የት ነበሩ? እኔ እዚህ ነበርኩ። ቤተሰቤ ዘይትና ሳሙና የወሰደው በዚያ በሚሳቅበት ደብተር ነው። የግቢው ባለሱቅ ሴትዮ በእስክርቢቶ «የመምህሩ ቤት፣ ዘይት 1፣ ሳሙና 2» ብላ ጻፈች፤ መብራት አልፈለገም፣ ኔትወርክ አልፈለገም። ስታምነኝ ስሜን እንኳ አልጠየቀችም።

ዱቤ ክፉ ጎንም አለው። ባለሱቋ ለማታውቀው ሰው አትጽፍም፤ ስለዚህ ለከተማው አዲስ የሆነ ሰው፣ በተለይ ተማሪው፣ ከግቢው ደጅ ይቀራል። አንዳንዱም ወስዶ ይጠፋል። ይህን ጸሐፊው ቢያነሡት ኖሮ መልስ ያጥረኝ ነበር።

የመጨረሻው፣ የሚያለቅሱት ጥለው የሄዱት ናቸው የሚለው፣ ብዙ አያደክመኝም። እህቴ አዲስ አበባ ናት፤ ፎቶ ላከች። እኔ እዚሁ ነኝ፤ ጽሑፍ ጻፍኩ። የሁለታችንም ክርክር ልክ ወይም ስሕተት የሚሆነው በነገሩ እንጂ በአድራሻችን አይደለም። የጸሐፊውም እንዲሁ፤ የት እንደሚኖሩ አልጠየቅኩም።

ከተማ አስተዳደሩን የምጠይቀው ነገር ቢኖር ትንሽ ነው። ምንም ከመነካቱ በፊት አንድ ሰው ደብተር ይዞ በየመግቢያው ይግባና በየግቢው የሚሠራውን ሁሉ ይመዝግብ፤ ውል ያለውንም የሌለውንም፣ ካውያ የሚይዘውን ልጅም ጭምር። ፎቅ ሲነደፍ ምድር ቤቱ ላይ በረንዳ ይኑረው፤ በረንዳው ላይ መቀመጥ የሚቻል ይሁን። ሽንት ቤቱ ደግሞ ፎቁን አይጠብቅ፤ በዚህ በጋ ይሠራ።

ጸሐፊው ማርቆስ ብቅ ካሉ ሻይ በእኔ ነው፤ አጎቴም ሱሪ ይለካዎታል። ከብትን ጨርቅ ሱቁ ቀጥሎ ነው። መግቢያው ላይ ጎንበስ ይበሉ፤ ቆርቆሮው ወርዷል።